ስለ ወንዶች ልጆች ልብስና ስለ ጨርቁ መልክ መለዋወጥ

የልብስ ነገር ለብዙ ሰው ቀላል መስሎ ይታየዋል። ልጅ ከብርድ ከዳነና ገላው ከተሸፈነ ሌላው ትርፍ ነው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ጨርቅ የለበሰውን ሰው ዕድሜና ማዕርግ፥ ሐዘንና ደስታ፥ ያገሩንም ንግድና ሥራ የሚናገር ስለ ሆነ፥ ቤተ ሰብ የሚያስተዳድር ሁሉ ልብ ሊያደርገው ይገባል። እኛም በዚህ ገጽ ስለ ወንዶች ልጆች ልብስ ለመጻፍ የተነሣነው፥ ባለፈው ጥር በገዛ ቤታችን በደረሰው ነገር ምክንያት ነው።

ቤታችን በደራ ወረዳ በአንበሳሜ ነው። ከኛ ጋር የሚኖሩት ወላጅ እናታችን ቆብ ከደፉ ቈይተዋልና፥ እኛም ልጆቻችንም እማሆይ እያልን እንጠራቸዋለን። ዓይናቸው ከደከመ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ቢሆንም እንዝርት ከእጃቸው ተለይቶ አያውቅም፤ ክሩን በዓይናቸው ሳይሆን በጣታቸው ያዩታል። ባለፈው ክረምት ጥጡን ዳምጠው፥ ነድፈው፥ አባዝተው፥ ፈትለው፥ ለዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጃቸው አንድ እጀ ጠባብና አንድ ኩታ የሚበቃ ድርና ማግ አወጡ። ሸማኔውም ሠርቶ፥ በኩታው ጫፍ ቀይ ጥለት ጥሎበት፥ ለጥምቀት አደረሰልን።

የከተራ ዕለት ልብሱ ወጥቶ በፊቱ በተዘረጋ ጊዜ ልጃችን አልለብስም አለ። አጎቱ ከባሕር ዳር ያመጣለት ነጭና ሰማያዊ መሥመር ያለበት ሸሚዝ ነበረውና፥ እርሱን በደረቱ አቅፎ፥ «ይኸ የሽማግሌ ልብስ ነው፤ ጓደኞቼ ይሥቁብኛል» ሲል ተናገረ። እማሆይ ከመደቡ ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። እኛም ተቈጥተን አለንጋ ለማንሣት ስንነሣ፥ «ተወው፥ ልጄ» አሉን። «አንተስ ያኔ ከካቡ ሥር የምትሸጕጠውን ረሳኸው?»

ይህን በሰማን ጊዜ ምላሳችን ታሰረ። በልጅነታችን ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቀጥለን ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባን ጊዜ፥ አብረውን የሚማሩት ልጆች የካኪ ቁምጣና የሱቅ ሸሚዝ የለበሱ ነበሩ። እኛ ግን እናታችን የፈተሉትን እጀ ጠባብ ለብሰን ሄድን። ከጥቂት ቀን በኋላ ልብሱን ከመንገዱ ዳር ካለው የድንጋይ ካብ ሥር እየሸጐጥን፥ ከዘመዳችን ልጅ የተዋስነውን አሮጌ ሸሚዝ ለብሰን እንገባ፥ ማታም ያንኑ መልሰን ለብሰን ወደ ቤታችን እንመለስ ነበር። ይህንንም የሚያውቅ ሰው ያለ አልመሰለንም። አንድ ቀን ማታ ግን ልብሱን ታጥቦና ታጥፎ ከዚያው ከካቡ ሥር አገኘነው፤ ከመንገደኛ አንዱ ያደረገው ይሆናል ብለን ዝም አልን። ለካ ያጠቡት እናታችን ኖረዋል፤ ከሠላሳ ዓመት በላይም አንድ ቃል አልተነፈሱም።

እንግዲህ ያባት ጥፋት በልጁ ቢታይ የሚያስገርም አይደለም። ስለዚህ ልጁን መቅጣቱን ትተን፥ የወንዶች ልጆች ልብስና የጨርቁ መልክ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደ ደረሰ ለመመርመር ጀመርን፤ ያገኘነውንም ለአንባቢዎቻችን እናካፍላለን።

በቀድሞ ዘመን በደጋውና በወይና ደጋው አገራችን፥ ሕፃን ወንድ ይሁን ሴት የሚለብሰው ከነጭ ጥጥ የተሰፋ ጥብቆ ነበር። ከብት ለመጠበቅ የደረሰ ልጅ ከበግ ቈዳ የተሠራ ደበሎ ይደርባል፤ የቆሎ ተማሪም በቅኔ ቤትና በዜማ ቤት የሚታወቀው በዚሁ ደበሎ ነበር። ከፍ ሲል እጀ ጠባብና ሱሪ፥ በላዩም ነጠላ ወይም ኩታ፥ ብርድ ሲሆን ባራት ድርብ የሚሆነው ጋቢ ይከተላል። መልኩ ሁሉ ነጭ ነው። ከነጩም ላይ ቀለም የሚገኘው በጫፉ ላይ በተጣለው ጥለት ብቻ ነበር።

ያ ጥለት ትንሽ ነገር እንዳይመስል። ባለቀለም ፈትል በቀላሉ በማይገኝበት ዘመን፥ ሸማኔዎች ከባሕር ማዶ የመጣውን ቀይና ሰማያዊ ጨርቅ እየተረተሩ፥ ክሩን እንደ ገና በሸማው ጫፍ ይሠሩት ነበር። ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ጃኖም በቀድሞ ዘመን የክብር ልብስ ነበር። አለባበሱም ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ጥለቱን ወደ ላይ ወደ አንገቱ ያደርገዋል፤ ከታላቅ ሰው ፊት የሚቆም ደግሞ ሸማውን ባንድ ትከሻው አሳልፎ በወገቡ ያደገድጋል። ወንድ ልጅ ኩታ በተሰጠው ጊዜ የሚሰጠው ጨርቅ ብቻ አልነበረም፤ ከኩታው ጋር መቆምንና መቀመጥን፥ ማዘንንና ማክበርን ይማር ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣው አቡጀዲ ነው። አቡጀዲ ያልነጣና ጥለት የሌለው የጥጥ ጨርቅ ሲሆን፥ ብዙ ዘመን ከአሜሪካ ይመጣ ነበር። በማሳቹሴትስ ግዛት በሎዌል ከተማ የተሠሩት ታላላቅ ፋብሪካዎች፥ የውሃን ኀይል እየተጠቀሙ ጨርቅ በብዛት ያወጡ ጀመር፤ የሴለም ወደብ ነጋዴዎችም በመርከብ ወደ ዛንዚባር ያደርሱት ነበር። የምሥራቅ አፍሪቃም ሰው ጨርቁን ባገሩ ስም «መሪካኒ» ሲል ጠራው። ጥጡን ግን በዚያው በአሜሪካ አገር በደቡቡ ክፍል እርሻ ይለቅሙ የነበሩት ከአፍሪቃ የተወሰዱ ባሮችና ልጆቻቸው እንደ ነበሩ መዘንጋት አይገባም። በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1861 እስከ 1865 በዚያ አገር የርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ የጥጡ ንግድ ታውኮ ጨርቁ ተወደደ።

በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. የአሜሪካ መልክተኛ ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ መጥቶ ከዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ። በዚያን ጊዜ ከአሜሪካ ወደ አገራችን ከሚገባው ዕቃ ዋናው ይኸው የጥጥ ጨርቅ ነበር። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ግን የጃፓን ጨርቅ በርካሽነቱ ቦታውን ወሰደ፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን በሄዱበት ዘመን፥ በገበያችን የሚሸጠው የውጭ አገር ጨርቅ አብዛኛው የጃፓን ነበር። እናቶችም ከጣቃው እየለኩ፥ ለልጆቻቸው ጥብቆ ከአቡጀዲ ማሰፋት ለመዱ። ብዙ ወር የሚፈጀው የእጅ ፈትል ባንድ ቀን ገበያ ተተካ። ድካም ቀነሰ፤ ነገር ግን ጥለቱም አብሮ ቀረ።

አሁን ደግሞ አቡጀዲውን የላኩልን ሰዎች የገዛ ልጆቻቸውን ምን ያለብሱ እንደ ነበረ ብንመለከት፥ ከኛ ጋር የሚመሳሰልበት ብዙ ነገር እናገኛለን። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ትንንሽ ወንዶች ልጆች እንደ እኅቶቻቸው ቀሚስ ይለብሱ ነበር። አምስት ወይም ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ሱሪ ይሰፋላቸዋል፤ ያም ቀን ለቤተ ሰቡ እንደ በዓል ይቈጠር ነበር። ታዲያ የነሱ ቀሚስ ከኛ ጥብቆ በምን ይለያል?

የጨርቁም መልክ በየጊዜው ይለዋወጥ ነበር። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1846 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ የበኵር ወንድ ልጅ የመርከበኛ ልብስ ለብሶ በሥዕል ከታየ በኋላ፥ ሰማያዊ መሥመር ያለበት ሰፊ አንገትጌ በአውሮፓና በአሜሪካ ወንዶች ልጆች ላይ ተስፋፋ። በ1886 አንዲት ደራሲት ስለ አንድ ትንሽ መስፍን የጻፈችው መጽሐፍ በታተመ ጊዜ ደግሞ፥ እናቶች ለልጆቻቸው ጥቍር የከፋይ ልብስ ዳንቴል ካለው አንገትጌ ጋር ማሰፋት ጀመሩ፤ ልብሱን የጠሉት ልጆችም ብዙዎች ነበሩ ይባላል። ለዘወትር የሚሆነው ግን ድሩም ማጉም አስቀድሞ እየተነከረ፥ ነጭና ቀለም እየተለዋወጠ በትንንሽ አራት ማዕዘን የሚሠራው ጨርቅ ነበር፤ ቢታጠብም መልኩን አይለቅምና። ለድካም ሥራ የሚሆነውን፥ ድሩ ሰማያዊ ማጉ ነጭ የሆነውን ጠንካራ ጨርቅ፥ ሌዊ ስትራውስና ልብስ ሰፊው ጃኮብ ዴቪስ በ1873 በመዳብ ችንካር አጠናክረው ለሠራተኞች ሱሪ አደረጉት። ዛሬ ጂንስ የምንለው ይኸው ነው፤ የሠራተኛ ልብስ የነበረው ዛሬ የመኳንንቱም ልጆች ልብስ ሆኖ ቀረ።

በአሜሪካ ከተሞችም ወንድ ልጅ ለብዙ ዘመን ከጕልበቱ በታች የሚታሰር ቁምጣ ይለብስ ነበርና፥ ረዥም ሱሪ ማግኘት ለአካለ መጠን የመድረስ ምልክት ነበር። ባገራችንም ተማሪው ቁምጣውን ጥሎ ረዥም ሱሪ ሲለብስ ምን ያህል እንደሚኰራ የማያስታውስ ሰው የለም። ልጅ በየትም አገር ልጅ ነው፤ ከባልንጀሮቹ ተለይቶ መታየትን ይፈራል፥ ታላቅ መስሎ መታየትን ይወዳል።

ወደ ደራና ወደ ፎገራ እንመለስ። ከነጩና ከአቡጀዲው በኋላ ልጆቻችንን የያዘው ካኪ ነው። የስሙ ምንጭ ባገሩ ቋንቋ ትቢያ ማለት ሲሆን፥ በሕንድ አገር የነበሩ የእንግሊዝ ወታደሮች የለበሱት ነው፤ ባገራችንም መጀመሪያ በወታደር ላይ ታይቶ፥ ኋላ ወደ ተማሪው ወረደ። በጎጃምና በደቡብ ጎንደር ገጠርም አረንጓዴ ቁምጣና ሸሚዝ የጎበዝ መታወቂያ እስከ መሆን ደረሰ። በ1950ዎቹ ዓመታት በባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በተቋቋመ ጊዜ፥ ቀድሞ ከባሕር ማዶ ይጠበቅ የነበረው ጨርቅ ከጣና ዳር የሚገኝ ሆነ።

ባለፉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ደግሞ በጕማራና በርብ ወንዞች መካከል ያለው የፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚያበቅል ምድር ሆኗል። ሩዙ ገንዘብ አመጣ፤ ገንዘቡም ከወረታ ገበያ፥ ከሐሙሲትና ከዓርብ ገበያ ልብስ ይገዛል። በገበያው ላይ የሚዘረጋው የልጆች ልብስ ግማሹ አዲስ፥ ግማሹ ሰልባጅ ነው። በደረቱ የአሜሪካ ኳስ ተጫዋቾች ስምና ቍጥር የታተመበትን ሸሚዝ ለብሶ፥ ከብት የሚነዳ ልጅ በጕማራ ዳር ማየት ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ቀድሞ የተላከልን ጨርቅ ባዶ ነበርና የራሳችንን ጥለት ልንጥልበት እንችል ነበር፤ ዛሬ የሚላክልን ግን ጽሕፈቱ አብሮ ታትሞበት የሚመጣ ነው። ልጁ ያንን ጽሕፈት አንብቦ ትርጓሜውን እንዲያውቅ ማድረግ የወላጅ ፈንታ ነው።

ይህን ስንል የእጅ ሥራው ጨርሶ ጠፍቷል ማለታችን አይደለም። በፎገራ ወረዳ፥ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ አጠገብ፥ አቶ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት የአውራ አምባ ማኅበር ኑሮውን ካቆመባቸው ሥራዎች ዋናው ሽመና ነው። ባገራችን ልማድ መፍተል የሴት፥ መሸመን የወንድ ሥራ ሆኖ ሲቈጠር፥ በዚያ መንደር ግን ሴቶችም ከሸማኔው ዕቃ ላይ ይቀመጣሉ፥ ወንዶችም ይፈትላሉ። የሚያወጡትም ጋቢና ነጠላ ብቻ አይደለም፤ ባለመሥመርና ባለቀለም የሆነ ልዩ ልዩ ጨርቅ ይሠራሉ። ስለዚህ አዲስ መልክ የሚመጣው ከባሕር ማዶ ብቻ ነው የሚል ሰው፥ ከወረታ ጥቂት መንገድ ሄዶ ዓይኑን ሊያሳምን ይችላል።

ለወላጆች የሚጠቅም ጥቂት ምክርም እንጨምር። ለልጅ ጨርቅ ስትገዙ አስቀድማችሁ ገልብጣችሁ ተመልከቱት። መልኩ በፊቱም በጀርባውም አንድ ከሆነ፥ ክሩ ተነክሮ የተሠራ ነውና ብዙ ዕጥበት ይችላል፤ በፊቱ ብቻ ደምቆ በጀርባው የገረጣ እንደ ሆነ ግን ቀለሙ ከላይ የታተመ ነውና ቶሎ ይደበዝዛል። ባለመሥመር ጨርቅ ሲሰፋ መሥመሩ በደረቱና በኪሱ ላይ እንዲገጥም ልብስ ሰፊውን አስቀድሞ መንገር ይገባል፤ ለዚህም ጨርቁ ጥቂት ትርፍ ይፈልጋል። ልጅ ቶሎ ያድጋልና በእጅጌውና በሱሪው ጫፍ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ጨርቅ አስተርፉ። ቀይ ጥለት ያለውን ነጭ ልብስ በፈላ ውሃ አትዘፍዝፉት፤ ቀለሙ ወደ ነጩ ይሄዳልና በቀዝቃዛ ውሃ ለብቻው ታጥቦ በጥላ ይሰጣ። ከሁሉም በላይ፥ ልብሱ ከመሠራቱ በፊት ልጁን ጠይቁት። የጥለቱን ቀለም እንኳ ራሱ የመረጠ ልጅ ልብሱን የሽማግሌ ነው አይልም። እኛ ይህን ሳናደርግ በመቅረታችን ነው አለንጋ ወደ ማንሣት የደረስነው።

የነገሩን ፍጻሜ ሳንናገር ብንቀር አንባቢዎቻችን ይቀየሙናል። በዚያው በከተራ ዕለት እማሆይ ልጁን ወደ መደቡ ጠርተው፥ «እስቲ ያንተን አምጣው፥ ልየው» አሉት። ሸሚዙን ተቀብለው ጨርቁን በሁለት ጣታቸው መካከል አሹት፥ በጥፍራቸውም ዳሰሱት። «ክሩ ቀጭን ነው፥ ግን አልተበላሸም፤ መሥመሩም የተሠራ እንጂ የተቀባ አይደለም» አሉ። ልጁም፥ «እማሆይ፥ ሳያዩት በምን ዐወቁ?» ብሎ ጠየቀ። እርሳቸውም ድር ማለት ምን እንደ ሆነ፥ ማግ ማለት ምን እንደ ሆነ፥ መሥመሩ በድሩ ሲሆን ወደ ታች፥ በማጉ ሲሆን ወደ ጐን እንደሚሄድ፥ የኩታውንና የሸሚዙን ጫፍ እያስያዙ አስረዱት። ልጁ ከዚያ በፊት ጨርቅ ክር መሆኑን የሚያውቅ አልመሰለንም።

በማግሥቱ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ያገራችን ምሳሌ በሌላ መንገድ ተፈጸመ። ልጃችን ባለመሥመር ሸሚዙን ከውስጥ ለብሶ፥ ኩታውን በላዩ አጣፍቶ ታቦቱን ለመሸኘት ወጣ። ማንም አልሣቀበትም፤ እንዲያውም ከጓደኞቹ አንዱ ጥለቱን ይዞ ማን እንደ ሠራው ሲጠይቀው ሰማን። እጀ ጠባቡን ግን እስከ ዛሬ አልለበሰውም፤ እማሆይም አንድ ቀን እንኳ ልበስ ብለው አላስገደዱትም።

አሁን በቤታችን ሌላ ፈትል ተጀምሯል። ለእርሱ የሚሆን ጋቢ ነው፤ የጥለቱንም ቀለም ራሱ እንዲመርጥ ተነግሮት ሰማያዊ ይሁን ብሏል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ለአያቱ ባዘቶውን ያቀብላል፥ ክሩም ሲበጠስ ዓይን ሆኖ ጫፉን ይፈልግላቸዋል። የሚያስፈልገው ፈትል ገና ከግማሹ አልደረሰም፤ የእማሆይም ዓይን ከቀን ወደ ቀን እየደከመ ይሄዳል። ከየትኛው ቀድሞ ፍጻሜ እንደሚደርስ እግዚአብሔር ያውቃል።

እኛም በአንድ ምሽት፥ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፥ ስለዚያ ስለ ካቡ ነገር ይቅርታ ጠየቅናቸው። ያዝኑብን እንደ ሆነም ለመስማት ጥቂት ጠበቅን። እርሳቸው ግን እንዝርታቸውን ሳያቆሙ፥ «ምን ይቅርታ አለው፥ ልጄ» ሲሉ መለሱልን። «ያን ዕለት የፈራሁት ሳይደርቅ እንዳትደርስ ብቻ ነበር።»